የምራቴ ትሪ

ኮምፒውተሩ «ተገናኝቷል» ካለ ግማሽ ሰዓት ሆነው፤ ሮቦቷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

የሊፍት ቴክኒሻኗ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የሮቦቷን ጎማዎች በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገች። ስንቱን የተቀረቀረ ሊፍት ያስነሳች ሴት፣ ትሪ የተሸከመች ባለ አራት ጎማ ሮቦት እጅ ልታሰጣት ነው። እናቷ ሮቦቷን «ምራቴ» ይሏታል፤ ወንድ ልጃቸው እስካሁን እውነተኛዋን ስላላመጣላቸው።

የእረፍት ፈቃዷ ዛሬ ያልቃል። ከነገ ጀምሮ ሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ኮምፒውተሩን ልታዝ፣ ኮምፒውተሩ በብሉቱዝ ምራቴን ሊልክ፣ ምራቴም ከአልጋ መነሳት ላቃታቸው እናቷ መድኃኒትና ውሃ ልታደርስ ነበር ሐሳቡ። ወንድሟ ግን ይህ ነገር እስከ ስድስት ሰዓት ካልሠራ እማዬን መጦሪያ አስገባለሁ ብሏል። ይህን ለእናታቸው ደፍሮ የነገራቸው የለም። አሁን አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ኮምፒውተሩ የብሉቱዝ ዝርዝር ላይ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የሆኑ ሁለት መሣሪያዎች ወጥተው ነበር። አንዱ የጎረቤት ይሆናል ብላ የመጀመሪያውን ነካች። ከዚያ ወዲህ ባትሪውን አየች፣ ሽቦውን ፈታ ገጠመች፤ ላብ አጠመቃት።

መሀል ላይ ከወንድሟ የድምፅ መልእክት ገባ። እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው፤ ድምፅ የለም። እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ አሁንም ጭጭ። ዛሬ ሁሉም ነገር አድሞብኛል እያለች ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተችው።

«ልጄ» አሉ እናቷ ከመኝታ ቤት፣ ረጋ ብለው።

«አቤት እማዬ፣ መጣሁ።»

«አትምጪ። ወንድምሽን ጠይቂልኝ፤ የምትወስዱኝ ቤት ክፍሉ መስኮት አለው?»

ስክሪኑን አየች። ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ የጆሮ ምልክት አለ። ጠዋት ከቻርጀር ነቅላ በገዛ እጇ እናቷ ጆሮ ላይ ያደረገችው አዲሱ ባለ ብሉቱዝ የጆሮ መስሚያ ነው የተገናኘው። ወንድሟ ያለውን እሷ አልሰማችም፤ እናቷ ግን ሦስት ጊዜ ሰምተውታል።

ግንኙነቱን አቋረጠችውና ሁለተኛውን ቁጥር ነካች። ምራቴ ወዲያው ተንቀሳቀሰች። ገብታ ማናገር ነበረባት፤ ግን በምን ፊቷ? ኪኒኑንና ውሃውን ትሪው ላይ አድርጋ ሮቦቷን ላከቻት። ምራቴ ኮሪደሩን ይዛ፣ የምንጣፉን ጠርዝ ተሻግራ ገባች። ብርጭቆው ሲነሳ ተሰማ፤ ሲቀመጥም ተሰማ። ጥቂት ጠብቃ «ተመለሺ» የሚለውን ነካች።

ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ምራቴ እንደታዘዘችው ኮሪደሩን ይዛ መጣችና እግሯ ሥር ቆመች። ኪኒኑ ተውጧል፤ ውሃው ተጠጥቷል። ከባዶው ብርጭቆ አጠገብ እናቷ ከጆሯቸው ያወለቁት መስሚያ ተቀምጧል፤ መብራቱ ገና ብልጭ ድርግም ይላል።