የማሙሽ ጤናማ ሱጎ

«እትዬ፣ ቫይታሚኑን ሁሉ እኮ ደፋሽው!»

እህቱ ካሮቱ የተቀቀለበትን ውሃ አንጠፍጥፋ ደፋችና... ሌላ ውሃ ጨምራ እንደገና ጣደችው።

ማሙሽ ጭንቅላቱን ያዘ።

ሠላሳ ዓመት አልፎትም ቤት ውስጥ ስሙ ማሙሽ ነው። ውጭ ግን የታወቀ የጂም አሰልጣኝ ነው። ስለ ዳይት የሚለቃቸውን ቪዲዮዎች ብዙ ሰው ያያል፣ ብዙ ሰው ያምናል።

ከሚሠራበት ከተማ አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ ያየው ነገር አንጀቱን በላው። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱት አባት ከስተው አልጋው ላይ ጠፍተዋል። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠባል።

ምሳቸው ደግሞ... ነጭ ፓስታ። ላዩ ላይ ሁለቴ የተቀቀለ ካሮት።

በቃ። ሌላ ምንም!

«ይሄ የሰው ምግብ ነው? ሰውየውን በረሃብ ልትጨርሺው ነው እንዴ?»

እህቱ አባታቸው ከታመሙ ጀምሮ ከአጠገባቸው አልተለየችም። ደክሟታል። የደከመው ሰው ደግሞ ማስረዳት ያስጠላዋል።

«የታዘዘለት ነው» አለች ባጭሩ።

«በይ ሂጂና ከልጆችሽ ጋር እረፊ። ሰኞ እጥበት እስኪሄድ እኔ አለሁለት።»

«ምግቡን ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሌላ ነገር ከመስጠትህ በፊት ደውልልኝ። ማሙሽ... ትሰማኛለህ?»

«እሺ አልኩሽ! የኔም አባት እኮ ነው!»

ገና በሩ ሳይዘጋ እጅጌውን ሰበሰበ።

እውነቱን እንናገር ካልን ልጁ በሙያው አይታማም።

ደህና አድርጎ የቀላ ቲማቲም ገዛ። የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አደረገና ልጣጩን ገፈፈው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ብቻ አቁላላ። ነጭ ሽንኩርት... ትንሽ በሶብላ... ጨው የለም። የታሸገ ድልህ የለም። ከዚያ ውሃው መጥጦ ሱጎው ማንኪያ ላይ እስኪቆም ድረስ በዝግታ አንተከተከው። ያ መድኃኒት መድኃኒት ሲል የከረመ ቤት ምግብ ምግብ ሸተተ።

ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁሞ ይቀርጻል።

«ወገኖቼ፣ ለታመመ አባት ከዚህ የተሻለ ዳይት የለም! ቀላል፣ ጤናማ፣ የቤት!»

አባት የመጀመሪያውን ሹካ ሲቀምሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ... እህትህ ብታየን ግን ሁለታችንንም ነው የምትገድለን» ብለው ሳቁ።

ማሙሽም ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

«ጨምርልኝ።»

ጨመረላቸው።

ቅዳሜ ምሳ... ቅዳሜ እራት... እሁድ ምሳ። ሰውየው በሉ። ልጅም ሲበሉ እያየ ደስ አለው፤ አንዴም አልደወለም።

ቪዲዮውማ ተቀጣጠለ።

«እንዲህ ዓይነት ልጅ ይስጠን!»

«ወላጆቻችሁን የረሳችሁ፣ ከዚህ ልጅ ተማሩ!»

እሁድ ከሰዓት አባት «እግሬ ከዳኝ» አሉ። ድካም ነው ብሎ ትራሳቸውን አመቻቸላቸው። ጥቂት ቆይቶ እጃቸውም አልነሳ አለ።

ሆስፒታል ይዟቸው ሮጠ።

ሐኪሟ ከድንገተኛ ክፍሉ ብቅ አለች።

«ምን በልተው ነበር?»

«ጤናማ ነገር ነው ዶክተር! ጨውም ዘይትም የሌለው የቲማቲም ሱጎ...»



«ቲማቲም ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ። አንተና እኔ በሽንት እናስወጣዋለን። እሳቸው በምን ያስወጡት? ሱጎ ሆኖ ተንተክትኮ ሲወፍር ደግሞ ይብሳል። ደም ውስጥ ይጠራቀምና ልብ ያቆማል። አትክልቱን እየቀቀላችሁ ውሃውን ድፉ፣ ቲማቲም አታሳዩአቸው... አልተባላችሁም?»

ተብለዋል። እህቱ ተብላለች።

አባት ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጡም።

...

ለቅሶ ቤት። አክስት የማሙሽን እጅ ይዘው ያለቅሳሉ።

«አንተስ ተባረክ፤ አጥግበህ ሸኘኸው! ደረቅ ፓስታ ስታበላው የከረመችውስ ምን ትላለች?» ብለው እህቱን ገላመጧት።

እህቱ ፍሪጁን ከፍታ አይታለች። የሠራችው ምግብ ሳይነካ... አጠገቡ የሱጎው ድስት።

ማሙሽ አንገቱን ደፋ። አሁን ታወጣዋለች ብሎ ጠበቀ።

«አዎ» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። «በደንብ በልቶ ነው የሄደው።»

ማዕድ ቤት ተከትሏት ገባ።

«እትዬ... ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ብነግራቸው አባዬ ይመለሳል? ባንድ ሳምንት ሁለት ሰው አልቀብርም።» ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ግን ያንን ቪዲዮ አጥፋው። ለምን እንዳጠፋኸውም ጻፍ።»

ማሙሽ ፈራ። ምን ብሎ ይጻፍ? ያ ሁሉ ምርቃት... ያ ሁሉ ተከታይ...

ቢሆንም ሊያጠፋው ስልኩን ከፈተ። አንዲት የማያውቃት ሴት ትናንት በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጽፋለታለች...

«ወንድሜ፣ እናቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። ምግብ አልበላ ብላኝ ስንት አለቀስኩ መሰለህ። ዛሬ ያንተን ሱጎ ሠራሁላት፤ ደግማ በላች! ነገም እሠራላታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ምን ይለኛል ሳይል ጻፈ።

«እህቴ፣ በፍጹም እንዳትሰጫት! አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት! እኔ አባቴን በዚህ ምግብ ነው የገደልኩት!»

ደጋግሞ ላከላት። በዚያው መስመር ደወለላት፤ አይነሳም። ቪዲዮውንም አጠፋው፤ ለምን እንዳጠፋውም ጻፈ።

ይህን እስከምጽፍላችሁ ድረስ... መልስ አልመጣም።

ወዳጆቼ፣ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ይባላል። ይሄኛውስ ንፍጥ ብቻ በሆነ! ፍቅር ስላለን ብቻ ልክ ነን ማለት አይደለም። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው። ታማሚ ልትጠይቁ ስትሄዱ ከመፍረዳችሁም ከማጉረሳችሁም በፊት አጠገቡ የከረመውን ሰው ጠይቁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... እህቱ ለቅሶ ቤት እውነቱን መሸፈኗ ልክ ነበር? በእሷ ቦታ ብትሆኑ ያ ሁሉ ሰው ሲወቅሳችሁ ዝም ትሉ ነበር?

ከልባችሁ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።