ጎታው ሥር የተቀመጡ

በነሐሴ በረዶ ገብሱን አስተኛው። በጥቅምት ውርጭ የተረፈውን አቃጠለው። በኅዳር በጎች አለቁ፤ የእኔ ስድስት፣ የጎረቤቴ የአባይነህ አሥራ አንድ። በታኅሣሥ አባይነህን ራሱን ቀበርነው። ሦስት ቀን ሲስል ሰንብቶ ሞተ። ብርድ ነው ተባለ።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ውጭ ንፋሱ ይጋረፋል፤ በሩ ተዘግቷል። ባለቤቱ ወሰንየለሽ ጎታውን ተደግፋ አጎዛ ላይ ተቀምጣለች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ ያለቅሳል።

«ኧረ አባይነህ እንዲህ የሚለቀስለት ሰው ነበር?» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ተሾመች በጆሮዬ። «አምና ድንበር ገፋ ብላችሁ ስትረግሙት አልነበር?»

«ዝም በይ።»

«እርስዎም ያለቅሳሉ እኮ፣ አያ ምንይሉ!»

ጉንጬን ዳሰስኩ። ረጥቧል።

እኔ አላለቅስም። ልጄ ማሙሽ የተቀበረ ዕለት እንኳ እንደ ድንጋይ ነው የቆምኩት። በአገራችን ልጅ በዝምታ አይቀበርም። ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ አባይነህ ወደ መሀል ወጣ። ጋቢውን አደገደገ፤ ደረቱን እየመታ በእኔ ፈንታ «ልጄን! ልጄን!» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። እኔም ብድሩን አልመለስኩለትም። ትናንት መቃብሩ ላይ ዓይኔ ደረቅ ነበር።

እንግዲህ ይህ ዕንባ የእኔ አይደለም።

ዙሪያውን አየሁ። በሩ አጠገብ ያሉት ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ጎታው ሥር ያሉት ያለቅሳሉ፣ ይስላሉ። ተነስቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ዓይኔ ደረቀ። ተመልሼ ጎታው ሥር ተቀመጥኩ። ቆጠቆጠኝ፤ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እየሩስ ከለቀስተኛው መሀል ነበረች። ጠርቼ ነገርኳት።

«ራቅ ሲሉ ይሻልዎታል?»

«ይሻለኛል።»

«ሲመለሱስ?»

«ይብሳል።»

ወደ ወሰንየለሽ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ጎታው ውስጥ ምን አለ?»

«ዘር ነው። ከውርጭ ያተረፈው ሦስት ቁና ገብስ። እንዳይነቅዝ ብሎ መድኃኒት ከገበያ አምጥቶ ቀላቀለበት። ትንሽ ይበቃል ቢሉት፣ ዘሬ ነው ብሎ ያለውን ሁሉ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሌባ እንዳይነካው እዚሁ ሥሩ ነበር የሚተኛው።»

እየሩስ ቀና ብላ አየችኝ። የአባይነህን ሳል አሰብኩ።

«ከጎታው የሚወጣው መርዝ ነው። ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ» አለች። «እማማ፣ በተለይ እርስዎ።»

ወሰንየለሽ ራሷን ነቀነቀች። ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። «ሠልስቱ ሳይወጣ የባሌን ለቅሶ ጥዬ? አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

እየሩስ እጇን ያዘቻት። ወሰንየለሽ እጇን ነጠቀቻት። ሌላውም አልተነሳም። ባለቤቲቱ ተቀምጣ ማን ይነሳል? ወሰንየለሽ እንደገና ሳለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

ይህቺ ሴት ቤቱን ትተዋለች። የማትተወው ለቅሶውን ነው።

በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወጣሁ። ግቢው መሀል ቆምኩ። ጋቢዬን አደገደግኩ። ድምፄ መጀመሪያ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወጣ።

«ወንድሜን! አባይነህ፣ ወንድሜን!»

ደረቴን መታሁ።

ቤቱ ውስጥ ጸጥ አለ። «አያ ምንይሉ ናቸው?» ስትል ተሾመችን ሰማኋት። «እውነት እሳቸው ናቸው?» ብቅ ብላ አየች፤ ወጣች። ሌሎቹም እየተከታተሉ ወጡ። ግቢ ውስጥ ለባልዋ እየተለቀሰ ሚስት ቤት አትቀመጥም። ወሰንየለሽ በእየሩስ ትከሻ ተደግፋ ከደጃፉ ደረሰች። ንፋሱ ፊቷን መታው። አየር ሳበች፤ ሳለች፤ ደግማ ሳበች።

ወጥታለች። ማቆም እችል ነበር።

የሰዉ ዓይን ንፋሱ ላይ ወዲያው ደረቀ። ተሾመች አጠገቤ መጥታ ጉንጬን አየች፤ አሁንም እርጥብ ነበር። ደረቴን መታሁ።

«ወንድሜን!»