ቁም ሳጥን ውስጥ

ልጅቱ ጭቃ የነካ ጫማዋን አውልቃ በጓሮ በር ስትገባ፣ አያቷ አሁንም ከሳሎን እየጠሯት ነበር። «መጋረጃው ጀርባ ነሽ?» ድምፃቸው ሻክሯል። ለክረምቱ እረፍት እሳቸው ጋ ከመጣች ጀምሮ የድብብቆሽ ደንባቸው ይኸው ነበር፤ እግራቸው እሺ ስለማይላቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ ቦታ ይጠራሉ፣ ካወቁት እሷ «ተያዝኩ!» ብላ ትወጣለች። ዛሬ ግን ጨዋታው ሰልችቷት፣ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ሹልክ ብላ ወጥታ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ስትራገጥ አንድ ሰዓት አለፈ።

ጫማዋን ከጀርባዋ ደብቃ ፊታቸው ቆመች። «አባባ፣ አሸነፍኩ!»

«አሸነፍሽኝ፣ የኔ ቆንጆ! የት ነበርሽ ታዲያ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ» አለች፣ አፏ ላይ እንደመጣላት።

አያቷ ጉልበታቸውን አሻሹ። ልጅቱ ወደ መኝታ ቤቱ ዞር ስትል ቁም ሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከዘራቸው መዝጊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ዝም ስትይኝ ጨንቆኝ፣ እንደምንም ተነስቼ እዚያም አይቼ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለካ ዓይኔም እንደ እግሬ ከድቶኛል። ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ፣ እሺ?»