ቀይዋ መስመር

መድኃኒት አዳዩ ከሆስፒታሉ የመድኃኒት መስኮት ጀርባ ከተቀመጠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጠዋት መስኮቱን ከመክፈቱ በፊት አንዲት ጸሎት አለችው፤ «ጌታዬ ሆይ፣ ዛሬም በእጄ ሰው አታጥፋ።»

ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬ አምስት ዓመት ለአንድ ሽማግሌ የማይስማሙ ሁለት መድኃኒቶች ሰጥቶ፣ ሰውዬው ሦስት ቀን ሙሉ በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ ለጥቂት ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ብልቃጥ ባነሳ ቁጥር ሽማግሌው ፊቱ ድቅን ይልበታል።

ያን ሰሞን ነው ኮምፒውተሮቹ ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም የተጫነችው። ከዋናው ፕሮግራም ጋር ተለጥፋ የምትሠራ ናት። የማይስማሙ መድኃኒቶች አንድ ላይ ከተጻፉ ስክሪኑ ግርጌ በቀይ መስመር «እነዚህ ሁለቱ አይስማሙም» ትላለች። እሱም በሽተኛውን ወደ ሐኪሙ ይመልስና ፈጣሪውን ያመሰግናል። «ጠባቂዬ» ነው የሚላት። አሁን አሁን እንደ ድሮው ፈጥና አትደርስም። ዕቃም ያረጃል፣ ምን ይደረግ።

ኃላፊዋ ግን ያስፈሩታል። ለማንም ስለማያጋድሉ ሠራተኛው ሁሉ «ሚዛን» ይላቸዋል። ከኋላ ባለው ክፍል በር ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የተያያዙ ስለሆኑ አዳዩ የሚጽፈው ሁሉ እሳቸው ስክሪን ላይ፣ እሳቸው የሚጽፉለትም እሱ ስክሪን ላይ ይታያል። እንዲህ ዓይን ተተክሎበት መሥራት እሾህ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ባለፈው ወር ለቀብር ሄደው የዋሉ ቀን እንዴት ያለ ሰላም ነበር! ቀይ መስመር እንኳ አንዴም ሳትወጣ ዋለች።

የፊታችን አርብ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው። እንደ ጡብ የወፈረ የመድኃኒት መጽሐፍ አምጥተው ፊቱ ዘረጉበት። በየማለዳው እንደ ተማሪ ያስቆሙታል።

«ይኼና ይኼ አብረው ይሰጣሉ?»

«እትዬ፣ እሱን እኮ ማሽኗ ታውቀዋለች።»

«ማሽኗን ማን ጠየቃት? አንተን ነው!»

ሲሳሳት ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሊያስባርሩኝ ነው፣ አለ በልቡ።

ማክሰኞ ዕለት ጓንት ሊወስድ ወደ ኋላ ሲያልፍ፣ ከተዘጋው በር ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግነውን፣ «አይቲው» የሚሉትን ሰው ድምፅ ሰማ።

«የሠራት ድርጅት እንደሆነ ተዘግቷል እትዬ። ድጋፍ ከየትም አይመጣም። እሱ ሰምቷል?»

«አልሰማም። እስከ አርብ ትንፍሽ እንዳትል፤» አሉ ሚዛን። «አርብ ራሴ እነግረዋለሁ።»

አዳዩ ግድግዳውን ተደገፈ። ለካ ሊያጠፏት ነው! መቼም ማሽኗን ወደዋት አያውቁም። መውጫቸው ላይ እሱን ከነነፍሱ ገደል ሊከቱት ነው። ያለሷ ስንት ቀን ይቆያል? የመጀመሪያው ሰው የሚሞተው ሰኞ ነው ወይስ ማክሰኞ? ጸሎቱን ጀምሮ መሀል ላይ ጠፋበት።

ሐሙስ አንድ ሽማግሌ አናጢ መጣ።

«ፍጠን እንጂ ልጄ፣ ጉልበቴ ወረፋ አያውቅም!»

የአዳዩ ሐሳብ አርብ ላይ ነበር። የደም ማቅጠኛውንና የሕመም ማስታገሻውን ጻፈ፣ ጠቀለለ፣ በመስኮቱ አሾለከ። ሰውዬው እንደጨበጠው ስክሪኑ ግርጌ ቀይዋ መስመር ወጣች።

«ቁም! እነዚህ ሁለቱ አይስማሙም።»

አዳዩ ጥቅሉን ከአናጢው እጅ መነጨቀው።

«ምነው፣ ሰጥቶ መንሳት ተጀመረ?»

«ይቅርታ አባቴ። ሐኪሙ ጋ ይመለሱ።»

ከዚህ በፊት ማሽኗ «ቁም» ብላው አታውቅም። ቀኗ መቅረቡን እሷም ሳታውቅ አልቀረችም፣ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሚዛን ጠረጴዛቸውን ጠርገው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ና እስቲ ልጄ፣ ቁጭ በል። የምነግርህ ነገር አለ።»

ልጄ ብለውት አያውቁም። ይሄኔ ነገሩ ቁርጥ መሆኑ ገባው።

«መጣሁ እትዬ፤» አለና በሌላው በር ወጥቶ ሮጠ። አይቲውን ኮሪደሩ ላይ ገመድ ሲጠቀልል አገኘው፤ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው።

«በእናትህ ወንድሜ፣ አትንቀላት! እሳቸው ያዘዙህን ሰምቻለሁ። ድጋፍ ባይኖራትም እንዳለች ተዋት። ትናንት እንኳ ሰው አትርፋልኛለች። ያለሷ እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ!»

አይቲው ገመዱን መሬት ጥሎ ትክ ብሎ አየው።

«የቷን ነው የማልነቅላት? የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ድርጅቱ በተዘጋ ማግስት፣ በገዛ እጄ ነቅያታለሁ እኮ።»