ትቁም ወይስ ትነሳ

ፀጉር አስተካካዩ በሞተሩ የሚኮራውን ያህል በልጆቹ አይኮራም። ልጆቹም ይህን ካወቁ ቆይተዋል፤ አልተቀየሙትም።

«ስንት ዓመት ሙሉ የጋራዥ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም» ይላል መቀሱን በደንበኛው ጆሮ ዙሪያ እያንሿሿ። «ምስጢሩ ምን መሰለህ? ማዋራት ነው! ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያዋራኋት በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደርጋታለሁ። በቃ።»

ሱቁ ከቤቱ ጥግ ዞር ሲሉ ስለሆነ የሚመላለሰው በእግሩ ነው። ሞተሯ ሳምንቱን ሙሉ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ትውላለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈሩን ልትዞር ስትወጣ ግን አንዴ ረገጥ ሲያደርጋት ትነሳለች። ይኼኔ ደረቱን ላየው የወለዳት ነው የሚመስለው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ደንበኛ «ሞተሩን የሚወድ ሰው በጎን እግሯ አጋድሎ አያቆማትም፤ ደህና ማቆሚያ ይገዛላታል» ያለው ቀን ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምሳ ላይ ስልኩን ለሚስቱ አቀበላት። የኋላ ጎማን ብቻ ከመሬት ብድግ የሚያደርግ ቀጭን የብረት ማቆሚያ ይታያል።

«አያምርም?»

ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ አየችው። ወደ ታች ስትገፋው ሌላ ሥዕል መጣ፤ ጠረጴዛ የመሰለ፣ በእግር እየተረገጠ ሞተርን እንዳለች እስከ ወገብ ከፍ የሚያደርግ ማንሻ።

«ይሄስ?» አለች።

«እሱ የጋራዥ ነው። ለጨርቅ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው እንድትቆም ነው።»

«እኔ ደግሞ ትነሳ ባይ ነኝ።» ወገቧን ይዛ ከወንበሩ ብድግ አለች፤ ሰሞኑን ወገቧን ያማታል። «ለመሆኑ ስንት ኪሎ ትመዝናለች?»

ባልየው ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ሱቅ ተመልሶ ነገሩን አወጣ፣ አወረደ። ሚስቱ ሞተሯን ወዳት አታውቅም። አንድም ቀን ከኋላው ተፈናጥጣ አታውቅም፤ «አንተ ስትነዳ ያስፈራኛል» ትላለች። ባለፈው ሰሞን ስለ ዘይት ጠብታ ስታጉረመርም ሰምቷታል፤ የጓሮው ሲሚንቶ ተበላሸብኝ ማለቷ ነው። የሱቁን አሮጌ ፎጣዎች ሁሉ አምጣልኝ ያለችውም ያንኑ ልትወለውልበት ይሆናል። ያ ስትንከባከበው የኖረችው ጥፍሯ እንኳ ከሥሩ ተከርክሟል። ጥፍሯን ያስከረከማት ውልወላ ነው፤ ውልወላውን ያመጣችው ሞተሯ ናት። እንግዲህ ብትጠምዳት ምን ይገርማል?

ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛ ጉዳዩን በሳሙና አረፋ ውስጥ ሆነው አዳመጡ።

«‹ትነሳ› ነው ያለችህ?»

«አዎ፣ ‹ትነሳ›።»

«እንግዲያው ገዢ አግኝታለች» ብለው ፈረዱ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት የረሳውን መነጽር ሊወስድ ቤት ብቅ ሲል የሚስቱ ድምፅ ከጓሮ መጣ። በስልክ ታወራለች። ወዲያ ማዶ ያለው ወንድሟ ነው፤ ፒክአፕ መኪና ያለው፣ ሰው ዕቃ ባጓጓዘ ቁጥር የሚፈለገው።

«ሞተሯን የሚያነሳው ነገ ጠዋት ይምጣ። አዎ፣ ባንተ መኪና። ጋሼህ ሱቅ ከገባ በኋላ ይሁን እሺ? ካየ ይከራከረኛል።»

ፀጉር አስተካካዩ መነጽሩን ሳይወስድ ተመለሰ። ቢናደድ ይሻለው ነበር፤ የተሰማው ግን ሐዘን ነው። ያቺ ሞተር ወጣትነቱ ናት። እሷ ከሄደች ከቅዳሜ ምን ይተርፈዋል? ያን ቀን ከሰዓት የላጨው ሰው ሁሉ አንድ ጎኑ አጠር ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ «በይ ደህና ዋይ» አለና ወጣ። ቤቱን ዞሮ በጓሮ በር ገባና ከሞተሯ ጎን ቁጢጥ አለ።

«አይዞሽ» አላት ቀስ ብሎ። ሰንሰለቷ ወዝታ ታብረቀርቃለች። ጎማዋ ልክ ተነፍቷል። «እንዲህ አድርጌ ይዤሽ ለማንም አልሰጥሽም።»

ፒክአፑ ሲቆም ተሰማ። የግቢው በር ወለል ብሎ ሲከፈት ፀጉር አስተካካዩ እጀታዋን በሁለት እጁ ጨብጦ ተነሳ።

«በመቃብሬ ላይ ካልሆነ አትወጣም!»

የሚስቱ ወንድም ክው አለ። «ኧረ ጋሼ፣ ማን ሊያወጣት? እኛ ልናስገባ ነው የመጣነው።»

ከመኪናው ላይ የወረደው ያ ጠረጴዛ የመሰለው ማንሻ ነበር። ሰፊ፣ ከባድ፣ የእግር መርገጫ ያለው፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ።

ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱን አየ፤ ማንሻውን አየ፤ እንደገና ሚስቱን አየ። እንባው ቅርብ ነውና ዓይኑ ወዲያው ሞላ። ሦስት ሆነው ሞተሯን ማንሻው ላይ አወጧት። መርገጫውን የረገጠው እሱ ራሱ ነው፤ እንደ ሱቁ ወንበር ቀስ፣ ቀስ እያለች ወገቡ ጋ ደረሰች።

«አፈር ስሆን ይቅር በይኝ» አላት ሚስቱን። «እኔ ሞኙ ልትሸጫት መስሎኝ! አንቺ ለካ ለእኔ ብለሽ…»

ሚስቱ የሱቁን አሮጌ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከቆርቆሮው ሥር መፍቻዋን አነሳች።

«በል ዞር በልልኝ፣ ዛሬ እንኳ ወገቤ እፎይ ብሎ ዘይቷን ልቀይርላት፤ አንተ ቅዳሜ ታዋራታለህ።»