ያልደረቀው ሰማያዊ

«ማኅተሙ የታል?»

የሥራ አመልካቾችን የሚመዘግቡት ወይዘሮ ዘርፈሽ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ መልሰው ገለበጡት። ገመቺስ አብሯቸው ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ። ማሌዥያ ሦስት ዓመት ተኩል ተቀምጦ የኮምፒውተር ደኅንነት ሲማር፣ ዲግሪው ክብ ማኅተም እንደሌለው ልብ ብሎ አያውቅም ነበር።

«በኤሌክትሮኒክ የተፈረመ ነው» አለ። «ይቺን ኮድ በስልክ ሲያነሷት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይመሰክራል። ማንም አስመስሎ ሊሠራው አይችልም።»

ስልኩን ደቅኖ ጠበቀ። ኔትወርኩ ሲያንገራግር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ስሙና ውጤቱ ከአረንጓዴ ምልክት ጋር ብቅ አለ። ወይዘሮ ዘርፈሽ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱ።

«ጥሩ ነው። ታዲያ ስልክህን ፋይሉ ውስጥ ልክተተው?»

ጎናቸው ካለው ጠረጴዛ ተድላ የሚባለው ባልደረባቸው በሳቅ ፈረሰ። «ማሎ፣ ኧረ እባክህ! ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ ሄደህ አንድ ማኅተም ነፈጉህ?»

ምዝገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። አዲስ አበባ ያመለከተባቸው ስድስት ቦታዎች በሙሉ የሥራ ልምድ ጠይቀው መልሰውታል። ያለ ልምድ የመረጃ ደኅንነት ባለሙያ እቀጥራለሁ ያለው ይህ የአምቦ ቁጠባ ማኅበር ብቻ ነው። ማስታወቂያውን ከሰሌዳ ላይ በስልካቸው አንስተው የላኩለት አባቱ ናቸው። ዛሬ ጠዋትም ከእጃጂ ሲነሳ መኪናው እስኪሞላ አብረውት ቆመዋል።

«ማኅተም ማለት ይኸውልህ» ብለው ወይዘሮ ዘርፈሽ ከሌላ አመልካች ፋይል አንድ ዲግሪ መዘው አሳዩት። ቀኑ ከተሰጠ አራት ዓመት እንደሆነው ያሳያል። ገመቺስ ደማቁን ክብ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገው። ጣቱ ሰማያዊ ሆነ።

«ቀለሙ እኮ አልደረቀም፣ እትዬ።»

«በዚህ ዝናብ ምን ይደርቃል?» አለ ተድላ።

ወይዘሮ ዘርፈሽ አልሳቁም። ዲግሪውን ወደ ቦታው መለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኦቦ ዋቅጋሪ ልጅ አይደለህ? አባትህን አውቃቸዋለሁ፤ ከምዝገባው እንድትቀር አልፈልግም። ከመናኸሪያው ጀርባ ማኅተም የሚቀርጽ አለ። ዲግሪው እንደሆነ የራስህ ነው፤ ክብ ብትጨምርበት ማንን ትጎዳለህ? እኔ ግን አላልኩህም።»

ወጥቶ ደረጃው ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ስር ቆመ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መናኸሪያው ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ምናልባት ልክ እሳቸው ናቸው። ምናልባት ተሳስቶ የተማረው እሱ ነው። ሁለት ደረጃ ወረደ። ዝናቡ ጭንቅላቱን ሲመታው ተመልሶ ወጣና፣ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መጻፍ ጀመረ።

«እባካችሁ የዲግሪዬን ቅጂ ክብ ማኅተም መታችሁበት ዛሬውኑ ላኩልኝ። ሰማያዊ ቢሆን ይመረጣል።»

እዚያ አሁን መሽቷል፤ ቢሮው ከተዘጋ ቆይቷል። ይህን እያወቀ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ላከው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ በሩ እስኪዘጋ እዚያው ተቀመጠ። ከውስጥ የወይዘሮ ዘርፈሽ ማኅተም የሌሎች ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይሰማል፤ ጧ፣ ጧ። መልስ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም። የስልኩ መስታወት ላይ ግን፣ መልእክቱን የላከበት ቦታ ላይ፣ ክብ ሰማያዊ አሻራ አርፎ ነበር።