ቃሪያ የመጣ ዕለት

ጨረቃ ላይ ካለው የማዕድን ጉድጓድ ወደ ቤተሰብ የሚላከው በቀን አንድ ኢሞጂ ብቻ ነው፤ እሱም ከአርባ የምግብ ሥዕሎች አንዱ። ቃል መላክ ከተከለከለ አራት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ትርሲት ለሥራ ስትሄድ ከአባቷ ከአቶ ደባልቄ ጋር ተስማምታ ነበር፤ ዳቦ ማለት ደህና ነኝ፣ ቃሪያ ማለት አሞኛል።

ሰባት ወር ሙሉ ዳቦ መጣ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ቃሪያ መጣ።

አቶ ደባልቄ የጀመሩትን ሱሪ ከስፌት መኪናው ላይ ትተው ወደ ማዕድን ኩባንያው ቢሮ ሮጡ። ጸሐፊዋ ስልካቸውን አይታ ፈገግ አለች።

«አባባ፣ ቃሪያ አምሯት ነው እኮ።»

«ትርሲት ቃሪያ በአፏ አይዞርም።»

«መዝገቡ ጤነኛ ናት ይላል። ካሳሰበዎት እስከ ማታ እርስዎም አንድ ሥዕል ይመልሱላት።»

አቶ ደባልቄ የቢሮው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አርባውን ሥዕል አንድ በአንድ አዩ። ምልክት ያወጡት ለእሷ ብቻ ነበር፤ እሳቸው የሚመልሱትን ማንም አላሰበበትም። ቃሪያውን ቢልኩ አባቴ ታመመ ብላ ትሸበራለች። ሙዙም፣ ዓሣውም፣ ማሩም «ሰምቼሻለሁ ልጄ» አይልም። የመላኪያው ሰዓት ሊያልፍ ሲል፣ መልስ ከሚቀርባት ብለው ዳቦ ላኩ።

በማግስቱ ዳቦ መጣ።

«እሰይ፣ ተሻላት» አሉ ጎረቤታቸው እማማ ዘርፌ።

አቶ ደባልቄ ዳቦውን ደጋግመው አዩት። ተሽሏት ይሁን፣ ወይም አባቷ እንዳልገባቸው አይታ ትታው ይሁን፣ ዳቦው አይናገርም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዳቦ ይመጣል፤ እሳቸውም ዳቦ ይመልሳሉ።